ሰባት ቤት ያልተቆጠረለት ዘር

በቀል የእግዚአብሔር ነው ይላሉ። የነፍስ አባቴም ደጋግመው ነግረውኛል። እኔ ግን ይኸው አርጅቼም አልጸጸትም። ያ ጣሊያን ያባቴን ኮርማ አርዶ በላ፣ እኔም ዘሩን አጠፋሁበት። የአሳማዎቹን ዘር ማለቴ ነው።

ኮርማው ዳልቻ ነበር። ጥጃ ሳለ አባቴ ደብረ ኤልያስ ካለ ዘመዱ በሁለት ጊደር ለውጦ ነው ያመጣው። የመንደሩ ላም ሁሉ ከሱ ይወልድ ነበር። የራሱ ልጆች ጊደር ሆነው ሲደርሱ ግን አባቴ ለሌላ መንደር አውሶ የነሱን ኮርማ ያመጣል። «ከገዛ ልጁ የተወለደ ጥጃ አቅም የለውም» ይል ነበር። እኛም ሰባት ቤት ሳንቆጥር አንጋባም፤ ይህን የማያውቅ ገበሬ አልነበረም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሲሠራ የስንቅ ሹሙ ወታደር አስከትሎ ደጃችን መጣ። ኮርማውን እዚያው አሳረደው። ገመዱን ያስያዘው አባቴን ነው። አባቴ ፊቱን ሊያዞር ሲል በሰደፍ መትተው መለሱት። ዓይኑ እያየ ታረደ።

እኔ ያን ጊዜ ከባሌ ተፋትቼ አባቴ ቤት ነበርኩ። ሹሙ እኔንም ለአሳማዎቹ ጠባቂነት ወሰደኝ። ጧት እሄዳለሁ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ። አባቴ ምግቤን በገል ለይቶ ያስቀምጥልኝ ጀመር። «እሪያ የነካ እጅ ገበታዬ ላይ አይገባም» አለኝ። ወድጄ እንዳልሄድኩ እያወቀ! ሁለት ዓመት ሙሉ ከአባቴ ጋር አንድ ገበታ አልቀረብኩም። አንጀቴ ቢያርርም ቂሙን የያዝኩት በጣሊያኑ ላይ ነው።

አሳማዎቹ ነጫጭ ነበሩ። አንድ አውራና አምስት እንስቶች፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች። ካገሩ በመርከብ አስጭኖ ያመጣቸው ሹሙ ራሱ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ወጥ ቤቶቹ የሚቀልቡት ጥቁር አውራ አሳማ ነበር። አስተርጓሚው የመጀመሪያውን ቀን «ነጩ ከጥቁሩ እንዳይነካካ፤ ከተነካካ ጀርባሽን ይልጠዋል» አለኝ። ወታደሮቻቸው ከኛ ሴቶች ጋር እንዳይኖሩ የሚከለክል አዋጅም ነበራቸው። የኔው ሹም አዋጁን እስከ አሳማ አወረደው።

ወንድምን ከእህቱ፣ አባትን ከልጁ እያገናኘ አረባቸው። የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች ደህና ነበሩ። ቀጥሎ የመጡት አነሱ፣ እግራቸው ተጣመመ፣ ሦስት ወር ሳይሞላቸው ያልቁ ጀመር። ሹሙ መኖውን ለወጠ፣ ጋጣውን ኖራ አስቀባ። በመጨረሻ አስተርጓሚውን ይዞ መጣ።

«አንቺ የከብት አርቢ ልጅ ነሽ። ለምንድነው የሚሞቱት? ይልሻል።»

«ብርዱ ይሆናል በለው» አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በየሳምንቱ የሞቱትን ወስጄ ስቀብር ደስ ይለኝ ነበር።

ለፋሲካቸው የሹሙ አለቃ ሊመጣ ነው ተባለ። ሹሙም ያማሩ ነጫጭ ግልገሎች ሊያሳየው ተመኘ። ያን ጊዜ ዝምታዬ እንደማይበቃ ገባኝ። የሞተ ግልገል ይቀበራል፣ አለቃው አያየውም። እኔ ደግሞ ሰው ፊት እንዲዋረድልኝ ፈለግሁ፣ እንደ አባቴ።

በነሱ ገና ሰሞን፣ ምሳ በልተው በሚያንቀላፉበት ሰዓት፣ ከአጥሩ ሁለት ጣውላ ነቅዬ ጥቁሩን አውራ ከጤነኛዋ እንስት ጋር አገናኘሁት። ሦስት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ከዚያ ጣውላውን መልሼ መታሁት።

እንስቲቱ ሆዷ መሬት እስኪነካ ገፋች። ሹሙ በየቀኑ እየመጣ ይዳብሳታል። ምጧ የያዛት አለቃው በመጣ ማግስት ነው። ሹሙ ሮጦ ሄዶ እንግዳውን ከነአጃቢው ጋጣው አፍ ላይ አቆመው።

የመጀመሪያው ግልገል ቡራቡሬ ሆኖ ወጣ። ሹሙ ቆሻሻ መስሎት በመሐረቡ ጠረገው። ሁለተኛው ጥቁር ነበር። ሦስተኛውም ቡራቡሬ። አሥራ አንድ ወለደች፤ ሁሉም ጠንካራ፣ ሁሉም ወዲያው ጡት ፈላጊ። አለቃው ከት ብሎ ሳቀ፣ አጃቢው ተከተለው። ሹሙ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

አለቃው ሳቁን ሲጨርስ ከጋጣ ወደ ጋጣ ዞሮ የተጣመሙትን አየ። በዱላው ወደ ወጥ ቤቱ አመለከተ።

«ሁሉም ይታረዱ ብሏል» አለኝ አስተርጓሚው በሹክሹክታ።

እዚያው ግቢ ውስጥ አረዷቸው። ሹሙ አለቃው ፊት ስለነበር ንቅንቅ ሊል አልቻለም። እኔ ሌላ ምንም አላየሁም፣ የሱን ፊት ብቻ። የወለደችው እንስት ድምፄን ስትሰማ ትመጣ ነበር፤ ለሷ አዝኛለሁ። ለሱ ግን ቅንጣት ታህል አላዘንኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አለቃው እንደሄደ ሹሙ አስገርፎ አባረረኝ። ጀርባዬ በደም ከቀሚሴ ጋር ተጣብቆ ቤት ደረስኩ። አባቴ ሊበላ ተቀምጦ ነበር። ምግቤ እንደወትሮው በገል፣ ከበሩ አጠገብ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት።

«አንድ ሳይቀር?» አለኝ።

«አንድ ሳይቀር።»

«እሱ ቆሞ?»

«ቆሞ።»

«ዓይኑ እያየ?»

«ዓይኑ እያየ፣ አባዬ።»

ተነሥቶ ገሉን አነሣና ከነምግቡ ወደ ደጅ ወረወረው። ተመልሶ ተቀመጠ፣ ገበታውንም ወደኔ ገፋ አደረገው።

«እጅሽን ታጠቢና ቅረቢ» አለኝ።