«አትንካው!»

ዘርአይ ኮምፒውተር ሲጠግን እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን አይጣል ነው። ካዛንቺስ፣ አንድ ያረጀ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ሱቁ ደንበኛ ሲመጣ «ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» ሳይል ሥራ አይጀምርም። ያበላሸው ብዙውን ጊዜ ራሱ ደንበኛው ስለሆነ ነገሩ ለገበያ አይበጅም። ክፉ ሰው ሆኖ ግን አይደለም። በአንድ የማይረባ ምክር የሰው ንብረት ውሃ ሲበላው እያየ ስለኖረ ቆሽቱ ቶሎ ያርራል።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ቴሌግራም ይከፍታል። እዚያ ኮምፒውተር የተበላሸበት የሚጠይቅበት፣ ያወቀም ያላወቀም የሚመልስበት ግሩፕ አለ። ከዚያ ግሩፕ ደም ግፊት እንጂ ሌላ ያተረፈው ነገር የለም፤ ሆኖም ሰው ተሳስቶ ሲመክር እያየ ማለፍ አይሆንለትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ «ኪሩ የጎተራው» የሚል ስም ያለው ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ላፕቶፔ ሲበራ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ውስጡ ብዙ ፎቶ አለኝ፣ ሌላ ቦታ የለኝም። ምን ላድርግ?» ከስሙ ጎን የኳስ ማሊያ የለበሰ ጎረምሳ ፎቶ አለ።

ቀድሞ የመለሰው ሚልዮን ነበር። ሚልዮን በግሩፑ የተወደደ ልጅ ነው፤ «አይዞህ» ሳይል አይጀምርም። «አይዞህ ወዳጄ፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እንጭነዋለን። የሚጠፋው ሲ ብቻ ነው፤ ፎቶህ ዲ ላይ ስለሆነ ምንም አይነካውም» አለ። እርግጥ በዚህ ከተማ ኮምፒውተር የሚጭን ሁሉ ዲስኩን ሲ እና ዲ ብሎ ይከፍልና «ፋይልህን ዲ ላይ አስቀምጥ» ይላል። ማን ሊሰማው! ሰው ሁሉን ነገር ዴስክቶፑ ላይ ይከምራል፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ሲ ውስጥ ነው።

የዘርአይ ደም ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ አትንካው! ማንም ቀባጣሪ ያለህን ትሰማለህ? መጀመሪያ ዲስኩ ወጥቶ ፎቶው ይገልበጥ። ደደብ አትሁን!» ብሎ ለጠፈ።

መልሱ ቆይቶ መጣ። «ልጄ፣ እኔ ሴት ነኝ፤ ሸዋዬ እባላለሁ። ስልኩ የልጄ ስለነበር ስሙና ፎቶው የእሱ ነው። ስልሳ ዓመት አልፎኛል፣ እስከዛሬ ደደብ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

«ምን ላድርግ» ብሎ የጻፈ ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን አዛውንት በምን ይታወቃል? ሚልዮንም ስቶ «አይዞህ ወዳጄ» ብሏል፤ እሱ ግን ወዲያው «ይቅርታ እማማ፣ አላወቅኩም» አለና ተመረቀ። ዘርአይ ላይ ግሩፑ ተነሳበት። «እናት ይሰደባል?» «አሳዳጊ የበደለው!» ሚልዮን እንኳን «ብሮ፣ ማለቴ፣ በቃ ሐሳብህን በጨዋነት ማስረዳት ትችላለህ» አለው።

«ጨዋነት ፎቶ አይመልስም! አሁንም እንዳትነካው ንገሯት» ብሎ መለሰ። «ንገሯቸው» እንኳን አላለም። የግሩፑ አስተዳዳሪ ወዲያው አስወጣው።

ለሸዋዬ ለብቻቸው ሊጽፍላቸው ይችል ነበር። ስልኩን ይዞ ትንሽ አመነታ። ከዚያ እልህ ያዘው፤ «የራሷ ጉዳይ!» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ዘንቢል ይዘው፣ ደረጃው ላይ እያረፉ ሱቁ ድረስ ወጡ። ጎረቤት ነው የጠቆማቸው። ከዘንቢሉ ላፕቶፕ አወጡና «ሸዋዬ እባላለሁ ልጄ» አሉት። ዘርአይ ስሙን ሲሰማ አወቃቸው፤ ማንነቱን ግን አልተናገረም።

«ባለቤቴ ኃይለገብርኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚሁ ካዛንቺስ ፎቶ ቤት ነበረው» አሉ። «የሰፈሩን ሰርግና ክርስትና ሁሉ ያነሳው እሱ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበተነ። አሁን ሰው ሲሞት ለለቅሶው የሚቀመጥ ፎቶ የሚያጡት ወደ እኔ ይደውላሉ። ሁሉም እዚህ ውስጥ ነበር፤ እንደነገሩኝ ባደርግ ባዶ ሆኖ ተነሳ።»

ዘርአይ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ፣ ምሳም ሳይበላ ፈለገ። በአሮጌው ፋይል ላይ አዲሱ ዊንዶውስ ተጽፎበታል። ያገኘው ጥቂት ብቻ፣ እሱም የተቆራረጠ ነው፤ አገጭ የሌላት ሙሽራ፣ ከወገብ በላይ ግራጫ የሆነ ሰውዬ። ሴትዮዋ ምስሉን ቀርበው አዩና ሰውዬውን በጫማው ለማወቅ ሞከሩ። ዘርአይ አንገቱን ደፋ።

«ያ የረዳኝ ልጅ ምን ያድርግ፣ በትህትና ነው ያስረዳኝ፣ እግዜር ይስጠው» አሉ። «ሌላም ነበር፣ አትንካው እያለ የሚሳደብ። ልቤ እውነቱን ነው ብሎኝ ነበር። ግን ከእንዲህ ያለ አፍ ምክር አልቀበልም ብዬ እልህ ያዘኝ።»

ዘርአይ እኔ ነኝ ሊል ፈለገ፤ ግን አፈረ።

«አንተ ብትሆን ምን ትለኝ ነበር ልጄ?»

«እማማ፣ እባክዎ አይንኩት እልዎት ነበር።»

ሴትዮዋ ላፕቶፑን ወደ ዘንቢላቸው እየመለሱ ቀና ብለው አዩት። «አየህ? እንዲህ ቢለኝ እኮ አልነካውም ነበር» አሉት።