እትዬ አክሺ እና ባለቤት ያጣው እጅ

«የሄድክበት መንገድ ዞሮ ባያመጣህ፣
ም… ም… ም… ካይኔ መቼ ወጣህ።»

ይህችን ዜማ ስታንጎራጉር የማያውቃት የሰፈር ሰው የለም። የመሃሉን ቃል ግን እሷም አታውቀውም። ዘፈኑን የለመደችው ጽሕፈት ስትማር ነው። ሠላሳ ሴቶች ሠላሳ የጽሕፈት መኪና ፊት ተደርድረው፣ ጣታቸው ምት እንዲይዝ አስተማሪያቸው ታዘፍናቸው ነበር። ሁለተኛው ስንኝ መሃል ሲደርሱ የመስመሩ ደወል ይጮሃል፣ መኪናው ሁሉ ገር ብሎ ወደ መስመር መጀመሪያ ይመለሳል፣ ቃሉም በዚያ ጩኸት ይዋጣል። ይኸው ስንት ዘመኗ፣ እዚያች ቦታ ስትደርስ ም… ም… ብላ ታልፋለች።

በስሟ የሚጠራት የለም። የወፈረ ፋይል ስለምታከሳ «እትዬ አክሺ» ይሏታል። ማመልከቻው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሥራ ማስረጃው «መጠኑ ከተፈቀደው በላይ ነው» ተብሎ የተመለሰበት ሁሉ ፍላሹን ይዞ ወደ እሷ ይመጣል። እሷ ራሷ ደልደል ያለች ሴት ናት። ክፍሉን የምትጋራት ልብስ ሰፊ በዚህ ሳትቀልድ አትውልም።

ክፍሉ አንድ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ በሩ አጠገብ ከፍ ያለ ባንኮኒ፣ ኮምፒውተርና ማተሚያ። እትዬ አክሺ የምትሠራው ቆማ ነው፤ የምትቀመጠው ለምሳ ብቻ። ምሳ ዕቃዋን ማተሚያው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ማሽኑ ሲሠራ ይሞቃላ።

አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ዕቃውን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ የቀለም ነጋዴው ገባ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው፣ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ነው።

«እትዬ አክሺ፣ ድረሽልኝ። እናቴ ከነገ ወዲያ ሰማንያ ዓመት ይሞላታል። የሕይወቷን ታሪክ በፎቶ አድርጌ ራሴ ጻፍኩት። ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለው በኢንተርኔት ነው፣ ያውም እስከ አሥር ሰዓት። ከአሥር ሜጋ በላይ አልወስድም አለኝ።»

«ስንት ሆነብዎት፣ ጋሼ?»

«አርባ ስድስት።»

«ነፍሰ ጡር ነው በሉኛ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

እትዬ አክሺ ምሳ ዕቃዋን መልሳ አስቀመጠችና ፋይሉን ከፈተች። ነጋዴው ፎቶዎቹን በማውስ ጥጋቸውን ይዞ አሳንሷቸዋል፤ ለዓይን ብቻ ነው እንጂ ክብደታቸው እንዳለ ነው። እያንዳንዱን ጨመቀች። አርባ ስድስቱ አሥራ ስድስት ሆነ። ጽሑፉ ውስጥ ተሸጉጠው የነበሩትን የማይፈለጉ የፊደል ዓይነቶች አወጣች፤ አሥራ ሦስት ሆነ። እዚያ ላይ ቆመ።

«ከዚህ በላይ ብጨምቃቸው ሲታተሙ ፊታቸው ይደበዝዛል» አለች።

ከዚያ አንዱን ፎቶ ልብ ብላ አየችው። እናትየው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጋዴው በግራቸው ቆሟል፣ በቀኝ ትከሻቸው ላይ ደግሞ እጅ አለ። ባለቤት የሌለው፣ ጣቶቹ ረጃጅም የሆኑ እጅ። ወደሚቀጥለው ገጽ ሄደች። እዚያም ያው እጅ። በአሥራ አንድ ፎቶ ላይ።

የፍቺ ማመልከቻ ጽፋለች፣ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፋለች፣ አንድም ቀን ስለጻፈችው ነገር ቃል ተንፍሳ አታውቅም። አሁን ግን ከአፏ አመለጣት።

«ጋሼ፣ ይሄ እጅ የማን ነው?»

ነጋዴው ወደ በሩ አየ። «የታናሽ ወንድሜ ነው። ከተኳረፍን ስድስት ዓመታችን። እሱ አንድ ቃል ተናገረ፣ እኔ ሁለት ጨመርኩበት፣ በቃ።»

«ታዲያ እጁን ምነው ተዉት?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እጁንም ብከረክም የእናቴ ትከሻ አብሮ ይሄዳል።»

እትዬ አክሺ ወደ ጓደኛዋ ጠቆመች። «እሷ ሰፊ ልብስ ስታጠብ ትርፉን አትቆርጠውም፣ ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋዋለች። እርስዎም ያደረጉት ያንኑ ነው። ወንድምዎ አልወጡም፤ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ተደብቀው ቆመዋል። የተከረከመውን ላጥፋው ካልኩ ዘጠኝ ሜጋ ይሆናል፣ ያልፍልዎታል።»

«አጥፊዋ።»

የማውሷ ቀስት ማጥፊያው ላይ ደርሳ ቆመች። «ፍላሽዎ ላይ ያለው አይነካም። እናትዎ እጅ ላይ የሚገባው መጽሐፍ ግን ይሄ ነው።»

«እናት ደግሞ እጅ ታውቃለች» አለች ልብስ ሰፊዋ። መኪናዋን አቁማ ነበር።

ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ነጋዴው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አጠለቀው፣ እንደገና አወለቀው።

«ብንመልሰውስ? ስንት ይጨምራል?»

«ምንም። ተደብቀውም ታይተውም ክብደታቸው ያው ነው።»

«እስቲ አንዱን አሳዪኝ።»

የፎቶውን ክፈፍ ወደ ጎን ሳበችው። ረጅም ሰው ከገጹ ጠርዝ ብቅ አለ፣ አንገቱን ወደ እናቱ ዘንበል አድርጎ፣ ሊስቅ ሲል። ያ እጅ ባለቤት አገኘ። ነጋዴው መነጽሩን አጠለቀና ወደ ስክሪኑ ቀረበ።

«ሁሉንም መልሺው» አለ በመጨረሻ። «ታዲያ ያ አራት ሜጋ ከየት ይቀነስ?»

እሷ ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ወረደች። የነጋዴው አዲስ ቤት ነበር፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ።

«ቤትዎ በአራቱም በኩል ተነስቷል፣ ጋሼ።»

«ቢወጣ አይከፋውም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ግድግዳ ነው፣ አያኮርፍም።»

ነጋዴው ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቤቱ ወጣ። ፋይሉ ዘጠኝ ከምናምን ሆነ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ላይ ተላከና ማተሚያ ቤቱ «ደርሶናል» ብሎ መለሰ።

ሰውየው አመስግኖ በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

«ያቺን አንዷን ፎቶ፣ የወንበሯን፣ በስልክ መላክ ትችያለሽ?»

«ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

ስልኩን ከኪሱ አላወጣም። ስድስት ዓመት ያልደወለበትን ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ ነገራት። እሷም ላከችው፣ ምንም አልጠየቀችም። መንገዱን ሲሻገር ከኋላው አየችው፤ የሱቁን በር ከፍቶ ሳይገባ ደጁ ላይ ቆሞ ስልኩን ይመለከት ነበር።

«ሩዝሽ ድንጋይ ሆነ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እትዬ አክሺ ሁለት ባዶ ወረቀት በማተሚያው አሳለፈች፣ ምሳ ዕቃው ትንሽ ለብ እንዲል። ዜማዋን ጀመረች። እዚያች ቦታ ስትደርስ የስፌት መኪናው ተርረር አለ፣ ቃሉም እንደ ልማዱ ጠፋ። የምትቀመጥባትን ዱካ ከባንኮኒው ሥር ሳበች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ቁጭ ብላ በላች።