የሰይዶ ጣቶች

ቡታጅራ ውስጥ ሰይዶን የማያውቅ የሚኒባስ ሹፌር የለም። ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መውጫ ላይ ያለችው የቆርቆሮ ጋራዡ ለዓይን አትሞላም፤ ሰውየውም ቢሆን ግትርና ቁጡ ነው። ደንበኛውን የሚያመላልስለት ጣቱ ነበር። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ኮፈኑን ይከፍትና የራዲያተሩን የውሃ ጎማዎች ይጨምቃል። ደርቆ ከተንኮሻኮሸ «ጣለው» ይላል፤ እንደ ሊጥ ከሟሸሸ ደግሞ «አሁኑኑ ጣለው!» «አዲስ ይመስላል እኮ» የሚል ሹፌር ካጋጠመው ወዮለት። ጎማ የሚበሰብሰው ከውስጥ ነው፤ ይህን ደግሞ ዓይን አያየውም።

እንግዲህ ይኸው ጣት ነው የከዳው። ስኳር በሽታው ከእግሩ ጀምሮ ወደ እጁ መጣና የጣቶቹን ጫፍ አደነዘዘው። ሰይዶ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ጋራዡን ዘግቶ ቤት መዋል ሞት መሰለው። ስለዚህ እንደ ድሮው ይጨምቃል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ በግምት ይፈርዳል።

ለአረፋ ጥቂት ሲቀር ከማሉ የሚባል ወጣት ሹፌር ሚኒባሱን ይዞ መጣ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ሰይዶ! ነገ አዲስ አበባ ሄጄ ቤተሰቡን ላመጣ ነው። እናቴም የእህቴ ልጆችም አሉበት። እስቲ የውሃ ጎማዎቹን ይዩልኝ።»

«ወአለይኩም ሰላም» አለና ጨመቀ። ከላይኛው ጀምሮ ወደ ታችኛው ወረደ። ጎማ ይሁን እንጨት አልለየውም። ከማሉ አፍ አፉን ያየዋል።

«ደህና ነው፤ ሂድ» አለው። ልጁ አመስግኖ ሄደ።

ሰይዶ ምሳ አልወርድለት አለ። ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቤታቸው ከሚስቱ ከባሂራ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቆጮውን ይቆርሳል እንጂ አይጎርስም። የከማሉ እህት ልጆች ከሐሳቡ አልወጡም።

«ባሂራ፣ ዛሬ ዋሸሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ለከማሉ ጎማው ደህና ነው አልኩት። እጄ ግን ምንም አልተሰማውም። ከደነዘዘ ቆይቷል።»

ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። «እኔ የገባኝ የፈላ ሻይ ብርጭቆ ጨብጠህ ወሬ ስታወራ ጊዜ ነው። እስክትነግረኝ ስጠብቅ ከረምኩ፣ አንተ ግትር! ተነስ፣ ለልጁ ደውልለት።»

ከማሉ ሲመለስ ባሂራ ሻሿን አጥብቃ ኮፈኑ ስር ገባች። ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ፣ ቆጮ ስትከትፍ፣ ከውስጡ ቀጭኗን ቃጫ በጣቷ አስሳ ስትለቅም ነው የኖረችው።

«ማሰሪያው አጠገብ ያዢው፤ ቀስ ብለሽ» አላት ሰይዶ።

ላይኛውን ጨመቀች። «ይህ ደህና ነው፤ ስለቀው ይመለሳል።» ታችኛው ላይ ስትደርስ እጇን አልነቅል አለች። «ይህኛው ሥጋ የለውም። ቃጫው ብቻ ነው የቀረው።»

ሰይዶ ፈቶ አወጣውና በቢላ ሰነጠቀው። ከውጭ የሚያብረቀርቀው ጎማ ውስጡ ተልጦ አልቋል፤ የያዘው በመሃሉ ያለው የጨርቅ ክር ብቻ ነበር። ከማሉ ራሱን ይዞ «ያ ረቢ!» አለ።

«አፉ በለኝ ልጄ» አለ ሰይዶ። ይህን ያለው ሌሎች ሹፌሮችም በቆሙበት ነው። «ጠዋት ደህና ነው ያልኩህ ሳላውቀው ነው። እጄ ከእንግዲህ አይሠራም።»

«አይሠራም ያለህ ማነው?» ባሂራ ተቆጣች። «አንተ ትፈታለህ፣ አንተ ታስራለህ። እኔ እጨምቃለሁ።»

«ጠርተው መለሱኝ እኮ ጋሽ ሰይዶ» አለ ከማሉ።

አዲሱን ጎማ ገጠሙ፤ ውሃ ሞሉ፤ ሞተሩን አስነሱ። ሰይዶ ያንጠባጥብ እንደሆነ ለማየት ማሰሪያው ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆመ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ አቀርቅሮ ሲያይ፣ ባሂራ እጁን ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች። ከመቼ ጀምሮ እንደያዘችው አላወቀም።