የድንች እሳት እራት እስከ የት ትወጣለች?

ፋሲካን አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣታል ቢባል፣ ከብሩ በፊት ወገቧ ይቆጠራል። ጠዋት ልጇን ሕሊናን አዝላ ውኃ ትቀዳለች። ቀጥላ የድንች ጆንያዋን ባጃጅ ላይ ታስጭናለች፤ ባለባጃጁም ጆንያውን እንደ አንድ ተሳፋሪ ቆጥሮ ሒሳብ ይጠይቃታል። «ጆንያ ደግሞ ሰው ሆነ?» ስትለው፣ «ሰውማ ጠጋ በል ሲሉት ይጠጋል» ይላታል። ገበያ ስትደርስ የቦታ አለ፣ የምሳ አለ፣ ሕሊና እንዳታለቅስ የሚገዛ ሙዝ አለ፤ ማታ ደግሞ ከሰል አለ። ይህን ሁሉ ለምዳዋለች። ዘንድሮ የመጣባትና ልትለምደው ያልቻለችው ወጪ ግን ሌላ ነው፤ በየቀኑ ከጆንያው ሥር እየተለቀመ የሚጣል፣ ቡቃያ በሚያወጣበት ዓይኑ ላይ ጥቁር ጉድፍ የያዘ ድንች። ቢላዋ ሲያርፍበት ውስጡ መንገድ መንገድ ሆኗል፤ በመንገዱ ጫፍ ጭንቅላቷ ቡናማ የሆነ ነጣ ያለች ትል ቁጭ ብላለች።

ፋሲካ ደብረ ታቦር ድንች ተራ ላይ ትቸረችራለች። ችርቻሮው የዕለት ጉርስ ነው። የዓመቱ ተስፋዋ ያለው ግን ከከተማው ሽቅብ፣ ብርዳማው ገሳይ፣ በአማቷ በእማማ ማሬ ጓሮ፣ የዘር ድንች ማስቀመጫ ጎጆ ውስጥ ነው። የጎጆው ግድግዳ የባሕር ዛፍ ርብራብ ስለሆነ ብርሃንና ነፋስ ያሳልፋል፤ ውስጡ ቆጥ በቆጥ ላይ ተደርድሯል። ዘሩ እዚያ ላይ ተዘርግቶ አረንጓዴ ይሆናል፣ አጭር ጠንካራ ቡቃያም ያወጣል። እማማ ማሬ ያመርታሉ፣ ፋሲካ ገዥ ታመጣለች። ገዥዎቹ ዝቅ ካለው ሞቃት አገር፣ ከእብናት ድረስ ዳገቱን የሚወጡት የብርድ አገር ዘር ትል አያውቀውም ብለው ስለሚያምኑ ነው። ያ እምነት ከጠፋ ግን ጎጆው የዶሮ ቤት ከመሆን ሌላ ዕጣ የለውም።

ግንቦት እንደገባ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማድ ቤት ድንች እየመረጠች ሳለ፣ ከጆንያው አፍ አንዲት ትንሽ አመድማ ነገር ብን ብላ ወጣችና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ፋሲካ ነጠላ ጫማዋን አነሳች። ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ጫማውን ጣለችና የሻይ ብርጭቆ ደፋችባት።

ባሏ አስማማው የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከሥራ ሲገባ ሚስቱ ግድግዳ ላይ ብርጭቆ ደግፋ ቆማ አገኛት።

«ምን ሆነሻል? ግድግዳው ሻይ ጠጣ?»

«ና እስቲ እያት። ብል ትመስላለች።»

«ብል ከሆነችማ የሠርግ ኮቴን ጨርሳ ነው የመጣችው። ግደያትና እራት አቅርቢ።»

«ቆይ፣ ኮት የምትበላዋ ወርቅማ ናት። ይቺ ጠቃጠቆ አላት።»

«እሰይ! አሁን ደግሞ የእሳት እራት መልክ መለየት ጀመርሽ» አለና እየሳቀ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ፋሲካ ግን ወረቀት ከብርጭቆው ሥር አንሸራታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻትና በስልኳ ካሜራ አቅርባ አየቻት። ርዝመቷ ከአንድ የገብስ ፍሬ ብዙ አይበልጥም። ክንፎቿን በጀርባዋ ላይ አጥፋ ስታርፍ ቀጭን ናት፣ ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ እንደተከናነበች ሴት። ቀለሟ አመድ ላይ ትንሽ ገለባ የተደባለቀበት ዓይነት ነው። ከአፏ አካባቢ እንደ ትንንሽ ቀንድ ወደ ላይ የተቆለመሙ ሁለት ነገሮች ወጥተዋል። ከሁሉ የገረማት ግን ጀርባዋ ነው፤ ሁለቱ ክንፎች ሲገጥሙ ጥቁር ነጠብጣቡ ተያይዞ ኤክስ ይሠራል፣ መምህር የተሳሳተ መልስ ላይ እንደሚያደርገው። ክንፏን አንዴ ስትዘረጋ ደግሞ ከሥር ያለው የኋላ ክንፍ ብቅ አለ፤ ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ልክ እንደ ነጠላ ዘርፍ ረጃጅም ፀጉር ያለው። «ለዚች ምንም ለማታህል ነገር ይህን ሁሉ ዘርፍ ማን ቋጨላት?» አለች ለራሷ።

በግቢያቸው የተከራየ አዳነ የሚባል ወጣት አለ፤ ከሆሳዕና መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለ ሰብል ያስተምራል። በማግሥቱ ብርጭቆዋን ይዛ በሩን አንኳኳች። አዳነ ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል ደስ ብሎት ነበር።

«የድንች እሳት እራት ናት። ኤክሱን አየሽው? ስለዚህ ሴቷ ናት። ወንዱ ኤክስ የለውም፣ ነጠላ ነጠላ ነጥብ ነው ያለው።»

«ትሏስ?»

«ትሏ ልጇ ናት። እናትየው ድንቹ ዓይን ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ ልጅየዋ በዓይኑ በኩል ሰርስራ ትገባለች። ጥቁሩ ጉድፍ ኩሷ ነው።»

«ወይ ጉድ! አገሯ የት ነው ለመሆኑ?»

«ዘሯ ከድንቹ ጋር ከደቡብ አሜሪካ ነው የወጣው። አሁን ድንች ባለበት ሞቃት አገር ሁሉ አለች። ሙቀት ስትወድ አይጣል ነው፤ ብርድ ግን እድገቷን ያዘገየዋል።»

«ገሳይስ?»

አዳነ መነጽሩን አስቀመጠ። «እሱን አላውቅም። እኔ ያየኋት ዝቅ ባለው አገር ነው። ገሳይ የለችም ብዬ ግን አልምልልሽም፤ ሄዶ ያየ ሰው መኖሩን እንጃ።»

ፋሲካ ብርጭቆዋን አነሣች። በዚያው ሰሞን ጋሽ በላይነህ የሚባሉት የእብናት ደንበኛዋ ለክረምት የሚተከል ዘር ሊጭኑ ይመጣሉ። እሳቸው ከወሰዱ መንደሩ ይከተላቸዋል፤ እሳቸው ከተዉ መንደሩም ይተዋል። እሷ ደግሞ ትል ያለበት ዘር ሸጣ የሰው ማሳ ማበላሸት አትፈልግም። «እንግዲያው የሚያየው ሰው እኔ ልሁን» አለች።

ከታች ጀመረች። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን አስማማው ወደ እብናት ሲነዳ፣ የመስኖ ድንች ቅጠል ቆርጦ እንዲያመጣላት አዘዘችው። ሲመለስ አንድ ሃይላንድ ሙሉ ቅጠል ሰጣት።

«ተሳፋሪው ሁሉ እየሳቀብኝ ነው የመጣሁት። አንዷ ሴትዮ 'ሹፌሩ ቅጠል ያኝካል እንዴ?' አለች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ሚስቴ በግ ማድለብ ጀምራለች አልኳት።»

ቅጠሉ ላይ ብራና የመሰለ ነጣ ያለ ጠባሳ አለ፤ ወደ ብርሃን ሲይዙት፣ በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መካከል ትሏ ተኝታ ትታያለች። እብናት ማሳው ላይ አለች ማለት ነው። ደብረ ታቦር ደግሞ ማድ ቤቷ ውስጥ አለች። የቀረው ገሳይ ነው።

ሕሊናን አዝላ ገሳይ ስትደርስ እማማ ማሬ በበልግ ዝናብ የተተከለውን ድንች እየኮተኮቱ አገኘቻቸው። ነገሩን ሰምተው ዶማቸውን ተደገፉ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ብርድ ላይ ምን ልትሠራ ትመጣለች? እኔም ወልጄበት ነው እንጂ አልመጣም ነበር።»

«እስቲ እንይ እማማ። ባይኖር ደስ ይለናል፣ ቢኖርም ማወቅ ይሻላል።»

ሁለቱም አጎንብሰው ቅጠል እየገለበጡ መስመር ለመስመር ሄዱ። ጠባሳ የለም። ድንቹ ከአፈር ብቅ ባለበት ቦታ አፈሩን ጫር አድርገው ዓይኑን አዩ፤ ንጹሕ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የእሳት እራቷ በምትነሣበት ሰዓት፣ ማሳው ዳር ጸጥ ብለው ቆሙ። ምንም አልበረረም። ፋሲካ ልቧ ሞቅ አለ።

ከዚያ ወደ ጎጆው ገቡ። የላይኛው ቆጥ ሰላም ነው፣ መካከለኛውም። ከታችኛው ቆጥ ሥር፣ ጥጉ ላይ የተጣጠፉ ጆንያዎች ተቀምጠዋል፤ ፋሲካ አንዱን ሳብ ስታደርገው አመድማዋ ነገር ብን አለች። አንዷ ተከተለች። ከጆንያዎቹ አጠገብ ያለውን ዘር ስታነሣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጉድፍ አየች። ድንቹን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። ሕሊና ብቻ፣ ከእናቷ ጀርባ ሆና፣ በራሪዎቹን ልትይዝ እጇን ትወረውራለች።

«ከኛ ማሳ አይደለም የመጣች» አለች ፋሲካ። «ማሳው ላይ የለችም። ታዲያ በየት ገባች?» ጆንያውን ገልብጣ አራገፈችው። ከሥሩ የተጨማደዱ፣ የተበሳሱ ጥቂት ድንቾች ወደቁ። ስፌቱ ውስጥ ደግሞ እህል የሚያካክሉ ነጫጭ የሐር ጎጆዎች ተጣብቀዋል።

«ይሄ የምን ድንች ነው እማማ?»

«የበላይነህ ነዋ! ጆንያችንን ሲመልስ ከመስኖው ድንች አቅምሶን ነው።»

«ለምን አልቀቀላችሁትም?»

«ቢያንስብኝ ጊዜ፣ እንግዳ ሲመጣ እጨምረዋለሁ ብዬ ተውኩት። ምን ታደርጊዋለሽ፣ የሰው ጆንያ ባዶውን ይመለሳል? ነውር አይደለም?»

በዚህ አገር ነገሩ እንዲህ ነው፤ የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ያሳፍራል፤ ሰሃን ከሆነ ቆሎ፣ ጆንያ ከሆነ ከአዲሱ ምርት ጥቂት ጣል ይደረግበታል። ጋሽ በላይነህም ዘሩን በጫኑበት ጆንያ ሥር የመስኖ ድንቻቸውን ጣል አድርገው ይልኩ ነበር። ፋሲካ ትዝ ሲላት ከእነዚያ ጆንያዎች የተወሰኑትን ራሷ ደብረ ታቦር አስቀርታለች፤ ማድ ቤቷ ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው። የገብስ ፍሬ የምታህል የእሳት እራት ያን ሁሉ ዳገት በክንፏ አልወጣችውም፤ በምስጋና ተጭና ነው የመጣችው።

በማግሥቱ የታችኛውን ቆጥ ዘር በሙሉ አወጡት። የተበሳሳውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት፤ ጆንያዎቹን የፈላ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ገልብጠው ፀሐይ ላይ አሰጧቸው። ከላይና ከመካከል ቆጥ ያለውን ደግሞ እያንዳንዱን በእጃቸው እያገላበጡ መረጡት።

ጋሽ በላይነህ ሲመጡ ፋሲካ ዘር ከማሳየቷ በፊት የእብናቱን ቅጠል ሃይላንድ አሳየቻቸው፤ ትሏ ውስጡ አድጋ ክንፍ አውጥታለች።

«ይቺንማ አውቃታለሁ» አሉ። «ማታ ማታ መብራት ላይ የምትርመሰመሰው ናት። ምን አደረገችሽ?»

«የድንቹ ትል እናት ናት፣ ጋሽ በላይነህ።»

«ተይ እንጂ! ትል ከድንቹ ውስጥ ይፈላል እንጂ እናት አለው?»

ከቅጠሉ ያደገችውን ትል፣ የሐር ጎጆዋን፣ ጎጆዋን ቀድዳ የወጣችውን ባለ ኤክስ እናት አንድ ባንድ አሳየቻቸው። ቀጥላ፣ እንዴት እንደምትናገረው ቸግሯት እየተንተባተበች፣ የጆንያውን ነገር ነገረቻቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«የኔ ስጦታ ነው ትል ያገባብሽ?»

«ስጦታዎ አይደለም፤ በስጦታዎ የተሳፈረች ናት። የባጃጁን ሒሳብ እንኳ አልከፈለችም።»

ጋሽ በላይነህ ሳይፈልጉ ሳቁ። ከዚያ ዘሩን ራሳቸው ዓይን ዓይኑን እያዩ መረጡ። የወሰዱት ከአምናው ያነሰ ነው፤ የታችኛው ቆጥ ጎድሏላ። ሲሄዱ ግን «የከርሞው ጆንያሽ ባዶውን ነው የሚመጣ፤ እንዳትቀየሚኝ» አሉ።

አዳነ ይህን ሲሰማ አንድ ጥያቄ ጨመረባት። «ገሳይ ማሳ ላይ ዘንድሮ የለችም፤ በሚሞቅ ዓመትስ? ከገሳይ በላይ፣ ጉና ሥርስ?»  ፋሲካ ይህን ማወቅ ትፈልጋለች፤ ንጹሑ ዘር የሚቀጥለው የእሳት እራቷ ድንበር እስከታወቀ ድረስ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ፋሲካ የምትለምናችሁ ይህን ነው። የሰው ጆንያ ስትመልሱ ባዶውን፣ ገልብጣችሁ፣ ፀሐይ አስመትታችሁ መልሱ፤ ምስጋናውን በአፋችሁ ተናገሩት፣ ካልሆነም እንቁላል ላኩ፣ ማንም አይቀየማችሁም። ከገሳይ በላይ ወይም ወደ ነፋስ መውጫ የምትኖሩ ደግሞ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ድንቻችሁ አጠገብ አመድማ ትንሽ ነገር ብን ስትል ካያችሁ፣ ጫማ ከማንሣታችሁ በፊት ብርጭቆ ድፉባትና ጀርባዋን እዩ። ኤክስ ካለባት፣ ወይም ነጠብጣብና ባለ ዘርፍ ክንፍ ካያችሁ፣ ከጆንያ ትውጣ ከማሳ ለዩና ወደ ደብረ ታቦር በሚመጣ ገበያተኛ ላኩላት። ድንች ተራ ገብቶ ፋሲካን ቢል ያገኛታል።