ቅቤ የመዘነ እጅ

በየጾሙ ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ይህችን አንዷን እየዘለልሁ ነው የኖርሁ። ሐሜቴንም፣ ቁጣዬንም ተናግሬአለሁ። ይህችን ግን ለሰው ጆሮ አላደረስኋትም።

ከብቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ብቸና ቅቤ ይዤ ስዞር ነው ያረጀሁ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ግን የቅቤውን ቅል ብድግ አድርጌ ክብደቱን ስናገር፣ በሚዛን ሲያዩት እንዳልሁት ይሆናል። ኋላ ኋላ እርጉዞችም ሆዳቸውን ያስዳስሱኝ ጀመር። ይህ ትንሽ ነው፣ ይህ ደልዳላ ነው እላለሁ፤ ብዙ ጊዜም ይሰምርልኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ምን ልዋሽ፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

የልጄ ሚስት ይታይሽ ሞጣ ዳር ነው ቤቷ። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ መውለጃዋ ሲቃረብ፣ ሆዷን በቅቤ አሸሁና «ትንሽ ነው፤ በቀላሉ ትገላገይዋለሽ» አልኋት። ሣቀች። «እማማ፣ እርስዎን የመሰለ ሚዛን ቤቴ እያለ ጤና ጣቢያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አለችኝ። ባሏ ግን ሂጂ አላት፤ አብሬያት ሄድሁ።

ነርሷ ሆዷን ዳሰሰች፣ በሜትር ለካች፣ እንደገና ለካች። ይታይሽ ሽንት ልትሰጥ ስትወጣ ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «እናቴ፣ ልጁ ትልቅ ነው፤ የእሷ ዳሌ ደግሞ ጠባብ ነው። ቤት እንዳትወልድ። ሁለት ሳምንት ሲቀራት ትምጣና ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው የእናቶች ማቆያ ትቀመጥ።» ውጭ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበር። «እኔ እነግራታለሁ» አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት፤ ማንም አላስገደደኝም።

መንገድ ላይ ይታይሽ «ምን አሉ?» አለችኝ።

«እኔ ያልሁትን ነው ያሉት» አልኋት።

ለምን? ክፉ ተመኝቼላት ነው? እወዳታለሁ። ገበያው ሁሉ አይስትም የሚለውን እጄን፣ ትናንት የመጣች ልጅ በሜትሯ አዋረደችብኝ ብዬ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። በቃሬዛ ልንወስዳት ስንነሣ የልጁ ራስ ወጣ፤ ትከሻው ግን ያዘ። ስናወጣው ነፍስ አልነበረውም። ከመሬት ብድግ አደረግሁት። ከባድ ነበር። ያን ጊዜ እጄ አልሳተም።

ይታይሽ እስከ ዛሬ ጥፋቱን በራሷ ነው የምታደርገው። «በመውለጃዬ ሰሞን ውኃ ባልሸከም ኖሮ» ትላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «እግዜር ያመጣው ነው» እላለሁ። የእኔን ሥራ ለእግዜር አሸከምሁት። ይህ ከፊተኛው ውሸት አይከፋም?

አሁን ደግሞ አርግዛለች። ባለፈው ስሄድ መደቡ ላይ ጋደም ብላ «እማማ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁ። «ሐኪም ይይሽ» አልኋት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኋትም። ቅር አላት። «ምን አስቀየምሁዎ?» አለችኝ።

እሷ ሳትሰማ እናንተን ይቅርታ ብለምን ምን ይረባኛል? ነገ ሞጣ እሄዳለሁ፤ ቅቤ አልይዝም። «እኔ እነግራታለሁ» ብዬ ተቀብዬ ያላደረስሁትን ቃል ላደርስላት ነው። ከዚያ ወዲያ እማማ ብላ ባትጠራኝ፣ እውነቷን ነው።