ሲንተሳይዘር ፍለጋ ባቲ

ሻጩ በስልክ «ባቲ አለ» ነው ያለኝ ወይስ «ባቲ አለው»? አንዲት «ው» ናት፤ እስከ ዛሬ አልለየኋትም።

ፊደል የቆጠርኩት ልጅነቴ ካለፈ በኋላ፣ ከሚሴ ከተማ ማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ዛሬ የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ የሰው ማመልከቻ ሳነብ እንኳ እጄ ለእርማት እስክሪብቶ ይፈልጋል። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል አያባክንም።

ሲንተሳይዘር የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ያስፈለገኝ በስልኬ የምሠራቸው ሉፖች፣ እየተደጋገሙ የሚዞሩ ድምፆች፣ ስላስመረሩኝ ነው። የጨፋ ሜዳ ማሽላ ጠባቂዎች ወፍ የሚያባርሩበትን የጅራፍ ጩኸት ቀድቼ፣ ተመላልሶ እንዲዞር አድርጌ፣ ከሥሩ ዜማ ላስገባ ስል ስልኩ ይጠራና ሁሉም ይበላሻል። ያለ ኮምፒውተር ብቻውን የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሄድ፣ ከውጭ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ፈለግኩ። ከሁሉም በላይ ቅኝቱ የሚስተካከል።

በኢንተርኔት ያገኘሁት ሻጭ የአዲስ አበባ ሰው ነበር። ገና ስልኩን ሲያነሳ አላመንኩትም።

«ለልጅሽ ነው እናት?»

«ለራሴ ነው።»

«ውይ፣ ጎበዝ! ሁሉም ነገር አለው።»

ሁሉም ነገር አለው ከሚባል ዕቃ ይሰውራችሁ። ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ነበርና ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ጠየቅኩት፤ «ዕቃው የት ነው? የእኛን ቅኝትስ ይጫወታል?» ያቺን የባቲ ቃል አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ለሌላው አገር ሰው ባቲ ቅኝት ነው። ለእኛ መጀመሪያ ከተማ ነው፤ የሰኞ ገበያ፣ ግመል፣ ከወደ ጅቡቲ የሚገባ ዕቃ። የአዲስ አበባ ሰው ንብረቱን ባቲ ምን አስቀመጠው? ኮንትሮባንድ ነው አልኩ። የተሰረቀም ይሆናል። ቢሆንም በዓይኔ ሳላይ አልተውም።

አብራኝ ለምትኖረው ታናሽ እህቴ «ባቲ የታመመች ጓደኛዬን ልጠይቅ» አልኳት። ማታ ትምህርት ስጀምር «ሽበት ይዞ ሀ ሁ?» ብላ የሳቀችብኝ እሷ ናት፤ ያን ሳቅ ሁለተኛ አልችለውም።

ባቲ ስልክ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ገባሁ። አንዱ ባለሱቅ «አካም ጂርታ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝና ሐተታዬን እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ «እትዬ፣ ይኼ የምትዪው ነገር ወተት ይሰጣል?» አለ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ወጥቼ ሻጩ ጋ ደወልኩ።

«ባቲ ደርሻለሁ። የት ነህ?»

ሳቀ። «የባቲ ቅኝት አለው ነው እኮ ያልኩሽ!»

ነገር አዙሮብኝ ይሆን? ልዘጋው ስል ስልኩ አጠገብ መሣሪያውን አስጀመረው። ግመሎቹ መሃል ቆሜ አንድ ጆሮዬን በሻርፔ ደፍኜ ሰማሁ።

«ሦስተኛዋ ድምፅ ወርዳለች» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። አንድ ነገር ነካካና መልሶ አዞራት፤ ልክ ገባች። ቅኝቱ እንደሚስተካከል ያመንኩት ያኔ ነው። በሳምንቱ በአውቶቡስ ላከልኝ። የካርቶኑን መለያ ቁጥር ከመሣሪያው ሥር ካለው ጋር ሦስት ጊዜ አመሳክሬ፣ አልጋዬ ሥር ሸሸግኩት።

እህቴ ግን ጓደኛዬን አልረሳችም። በየጁምዓው ዱዓ ታደርግላታለች። «ተሻላት?» ትለኛለች፤ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። አንድ ሐሙስ ስኳርና ማር በፌስታል ቋጥራ መጣች።

«ነገ ባቲ ወርደን አብረን እንጠይቃት።»

ማሩን ሳየው ጎንበስ ብዬ ካርቶኑን ሳብኩት።

«የታመመ ሰው የለም። የሄድኩት ይኼን ፍለጋ ነው። ሙዚቃ እሠራበታለሁ።»

ቁልፎቹን አየች፣ እኔን አየች። ሳቋን ጠበቅኩ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ጁምዓ ‘አላህ ያሽራት’ ስል የከረምኩት ለማን ነው?»

«ለዚህ።»

ፌስታሉን አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ክፈቺው እንግዲህ» አለች፤ «ድኖ እንደሆነ ልስማ።»