ለጆሮ ጠቢ የወረደ ሙሾ

ዘከርያ መሞቱ ሲሰማ የሳርፒ መንደር ሴቶች ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

«ያ ጆሮ ጠቢ በዕድሜው አንድ ቁም ነገር ሠራ» አለች ሰብሪዬ፣ ጎረቤቷን ናዚዬን በአጥር በኩል ጠርታ።

«ደሞ ምን ሠራ?»

«ሞተልን!»

ነገሩ ክፋት ብቻ አልነበረም። ሁለት ታላላቅ መንግሥታት ፍየል የምትዘለውን ጅረት ድንበር ብለው መንደሯን ለሁለት ከገመሷት ወዲህ፣ በወዲህኛው በኩል ሶቭየት በወዲያኛው ቱርክ ሆኖ፣ ወደ ማዶ እጅ ማወዛወዝ እንኳ ያሳስራል። ያልተከለከለው ልቅሶ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሲሞት ሴቶቹ ጅረቱ ዳር ቆመው በመንደሩ ቋንቋ፣ በላዝኛ፣ ሙሾ ያወርዳሉ፤ ማን እንደወለደ፣ ማን እንዳገባ በዚያው ይነገራል። ማዶ ያሉትም የሟች ዘመድ ነን ብለው እያለቀሱ ይመልሳሉ። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ታቅፈው ይሰማሉ፤ ላዝኛ እንደሆነ አንዲት ቃል አያውቁም። አገር የሚጠብቁት እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

ችግሩ፣ ሬሳ ከሌለ ወሬ የለም። የሚሞት ጠፍቶ አሥራ አንድ ወር አለፈ። በመጨረሻው ቀብር ናዚዬ የሰማችው ማዶ የቀረች እናቷን ክፉ ሳል እንደያዛት ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌዎችን እያየች «እስቲ እነዚህ ደሞ ምን ይጠብቃሉ?» ትልና በራሷ ታፍራለች።

ዘከርያን ደግሞ እንደ እሷ የሚጠላው አልነበረም። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ከማዶ እንድታየው ብላ ከፍ አድርጋ ብትይዘው፣ ሮጦ ያሳበቀባት እሱ ነው። ባሏ በዚያ ሰበብ ሁለት ዓመት ታሰረ።

በቀብሩ ዕለት ሴቶቹ ለዚያ ከንቱ ሦስት ሰዓት ሙሉ አለቀሱለት። የጠባቂዎቹ አለቃ፣ ገና ጢም ያላበቀለ መኮንን፣ «ምን ያህል ቢወደድ ነው!» ብሎ ተደንቆ ባርኔጣውን አወለቀ። ናዚዬ ተራዋ ሲደርስ ደረቷን እየደቃች አወረደችው፦

«ወይኔ ጎረቤቴ፣ ወይኔ ጎረቤቴ፣
ሳል ይዟት ነበረ፣ ተሻላት ወይ እናቴ?»

ከማዶ የእህቷ የሀቪዬ ድምፅ መጣ፦

«ሳሉስ ተዋት እቴ፣ ዳግም ላያስላት፣
በቆሎው ሲፈለፈል አፈር አለበስናት።»

ናዚዬ ቃሬዛው ላይ ተደፍታ የዚያን ጆሮ ጠቢ ከፈን በእንባዋ አራሰችው። ሴቶቹ ሁሉ ሙሾውን አቆሙ። ያልገባው መኮንኑ ብቻ ነበር፤ መጥቶ ትከሻዋን ይዞ አነሳት።

«አይዞሽ እናት። ዘመድሽ ነበር?»

እውነቱን ብትናገር ከነገ ጀምሮ ልቅሶም ይከለከላል። ሴቶቹ አፏን አፏን ያያሉ።

«አዎ» አለች ናዚዬ። «እንደ እናቴ ነበር የማየው።»